ታዳጊ ልጃችሁ የማይለቅ ሕመም ካለባት ስማርት ሰዓቱን እንዲህ ተጠቀሙበት

መጀመሪያ አንድ ነገር እንግባባ። ሕመምን የሚለካ ሰዓት የለም። መርካቶ ስልክ ቤት የሚሸጠው ርካሽ ባንድም (እጅ ላይ የሚታሰር ቀጭን መለኪያ) ሆነ ውጭ ያለ ዘመድ የሚልከው ውድ ስማርት ሰዓት፣ ልጃችሁን ጉልበቷን ምን ያህል እንደሚቆረጥማት አያውቅም። የሚያውቀው እጇ መንቀሳቀሱን፣ ልቧ በደቂቃ ስንት ጊዜ እንደሚመታ፣ በግምት ደግሞ መቼ ተኝታ መቼ እንደነቃች ነው። ሕመሙን የምታውቀው እሷ ብቻ ናት። የእናንተ ሥራ ሁለቱን ማገናኘት ነው፤ በአንድ በኩል እሷ የምትናገረውን ሕመም፣ በሌላ በኩል ባንዱ የሚመዘግበውን እንቅልፍና እንቅስቃሴ።

እዚሁ ጅማ በፊዚዮቴራፒ ሥራዬ ላይ አንድ ነገር ደጋግሜ አያለሁ። ወላጅ ስልኩን ከፍቶ የወራት ግራፍ ያሳየኛል። «መቼ ነው የሚብሳት? ከምን በኋላ?» ብዬ ስጠይቅ ግን መልስ የለም። ቁጥሩ ሞልቷል፣ እኔ የምፈልገው ግን እዚያ ውስጥ የለም። ልጅቷ ደግሞ አጠገቡ አንገቷን ደፍታ ትቀመጣለች፣ አንድም ሰው እሷን አልጠየቃትም። ይሄ በጣም ያሳዝነኛል፤ ትንሽ ነገር ብቻ ቢስተካከል ያ ሁሉ መረጃ ይጠቅማት ነበር።

ሐኪሞች ሥር የሰደደ ሕመም የሚሉት ከ3 ወር በላይ የቆየ ወይም እየተመላለሰ የሚመጣ ሕመምን ነው። በታዳጊዎች ላይ በብዛት የሚታየው ራስ ምታት፣ የሆድ ሕመም፣ የጀርባና የመገጣጠሚያ ሕመም ነው፤ ሴቶች ላይ የወር አበባ ቁርጠትም አለ። ብዙ ጊዜ ራጅም ደም ምርመራም «ምንም የለም» ብሎ ይመለሳል። ይህ ግን ልጅቷ አታላለች ማለት አይደለም። የነርቭ ሥርዓቱ አደጋው ካለፈ በኋላም ሕመም መላኩን ሊቀጥል ይችላል፣ ሕመሙም እውነተኛ ነው። የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2020 ባወጣው የልጆች ሥር የሰደደ ሕመም መመሪያ፣ የአካል እንቅስቃሴ፣ የሥነ ልቦና ድጋፍና መድኃኒት ሦስቱም እንደየልጁ ሁኔታ እንዲታዩ ይመክራል። ስለዚህ ክኒን ብቻ መፍትሔ አይደለም፣ ባንድ ደግሞ ጭራሽ ሕክምና አይደለም።

ባንድ ከመግዛታችሁ በፊት ሐኪም ጋ መሄድ ያለባችሁ ጊዜ አለ

ይህን ክፍል አትዝለሉት። የጀርባ ሕመም ከትኩሳት፣ ከሌሊት ላብና ከክብደት መቀነስ ጋር ከመጣ የአከርካሪ ቲቢ ሊሆን ይችላል፤ አገራችን ውስጥ ያለ በሽታ ነው። ጉሮሮዋን ታማ ከሁለት ሦስት ሳምንት በኋላ ትኩሳት ይዟት፣ ሕመሙ ከጉልበት ወደ ቁርጭምጭሚት፣ ከዚያ ወደ ክርን የሚዞር ከሆነ የሩማቲክ ትኩሳትን መጠርጠር ይገባል፤ ካልታከመ የልብን ቫልቭ ይጎዳል። መገጣጠሚያ አብጦ ጠዋት ጠዋት አልታዘዝ እያለ ከ6 ሳምንት በላይ ከቆየም የልጆች አርትራይተስ መመርመር አለበት። እግር ከዛለ ወይም ከደነዘዘ፣ ሽንት መቆጣጠር ካቃተ፣ ወይም ራስ ምታቱ ከዚህ በፊት ታይቶ በማያውቅ ኃይል ድንገት ከጀመረ፣ በዚያኑ ቀን ወደ ጤና ተቋም ሂዱ። እነዚህ ላይ ሁለት ሳምንት ዳታ ልሰብስብ ማለት አይሠራም።

ምን ዓይነት ይገዛ?

ውድ አያስፈልግም። እኔ የምመርጠው አንዴ ቻርጅ ከተደረገ ቢያንስ ሳምንት የሚቆየውን ቀጭን ባንድ ነው። መብራት በሚጠፋበት ሰሞን በየቀኑ ቻርጅ የሚፈልግ ሰዓት ሌሊቱን ሙሉ ሞቶ ያድራል፤ እኛ ደግሞ በጣም የምንፈልገው የሌሊቱን መረጃ ነው። ኢንተርኔትም ሁልጊዜ አያስፈልግም። መጀመሪያ አፑን ለመጫንና አካውንት ለመክፈት ዳታ ትፈልጋላችሁ፣ ከዚያ በኋላ ግን ባንዱ ከስልኩ ጋር የሚነጋገረው በብሉቱዝ ነው።

ገበያ ላይ የብራንድ ስም የተለጠፈባቸው አስመሳዮች ሞልተዋል። አንዳንዶቹ የልብ ምት አሳይ ሲባሉ ከራሳቸው ቁጥር ፈጥረው ያወጣሉ። ሳትከፍሉ በፊት እንዲህ ሞክሩት፦ ባንዱን እጃችሁ ላይ አስራችሁ በሌላ እጃችሁ ጣት የደም ሥራችሁን ለአንድ ደቂቃ ቁጠሩ። ከዚያ ደረጃ ወጥታችሁ ወርዳችሁ ድገሙት። ቁጥሩ ከእናንተ ቆጠራ ጋር አብሮ ከፍና ዝቅ ካለ ደህና ነው። ዝም ብሎ 72 ወይም 75 ላይ ከቆመ አትግዙ።

አስተሳሰሩም ለውጥ አለው። ከእጅ አንጓ አጥንት አንድ ጣት ያህል ከፍ ብሎ፣ ሳይንሸራተት፣ ግን ምልክት እስኪተው ሳይጠብቅ። የልብ ምቱን የሚያነበው በአረንጓዴ ብርሃን በቆዳ ውስጥ የሚያልፈውን ደም እያየ ነው፤ እጅ ሲወራጭና ማሰሪያው ሲላላ ይሳሳታል። በጠቆረ ቆዳ ላይ የኦክስጅን ልኬት ከእውነተኛው ከፍ አድርጎ ሊያሳይ እንደሚችልም ይታወቃል፣ ስለዚህ የኦክስጅኑን ቁጥር እኛ ጋ ባትመኩበት ይሻላል። ልጅቷ ገላዋን ስትታጠብ አውልቃ ቻርጅ ታድርገው፣ ቆዳዋም ይንፈስበት። ከሥሩ ሳሙናና እርጥበት ከቀረ ያሳክካል። ሽፍታ ከወጣ ወደ ሌላኛው እጅ ይዛወር፣ ካልተወ ይውለቅ።

ከሚያሳየው ውስጥ የቱን ማየት?

አፑን ስትከፍቱ ካሎሪ፣ ስትረስ፣ የእንቅልፍ ደረጃ፣ ኦክስጅን፣ ነጥብ፣ ሜዳሊያ ይመጣል። ሁሉንም ተዉት። የሚያስፈልጋችሁ ሁለት ነው፤ ስንት ሰዓት ተኝታ ስንት ሰዓት እንደነቃች፣ እና የቀኑ እርምጃ። ሦስተኛ ከፈለጋችሁ በሳምንት አንዴ የዕረፍት የልብ ምቷን እዩ። ካሎሪውን ከማያ ገጹ ላይ ጨርሶ አጥፉት። ለታዳጊ ሴት ልጅ በየሰዓቱ ካሎሪ የሚቆጥር ነገር እጇ ላይ ማሰር ሌላ ችግር መጥራት ነው።

እንቅልፉን ስታነቡ ተጠንቀቁ። ባንዱ ጸጥ ብሎ የተኛን ሰው ሁሉ እንቅልፍ ወስዶታል ብሎ ይገምታል። ሕመም ይዟት ጣራ እያየች ሁለት ሰዓት ሳትነቃነቅ ብትጋደም፣ ተኝታለች ብሎ ሊጽፍ ይችላል። ስለዚህ ጠዋት «ተኛሽ ወይ?» ብሎ መጠየቅ አይቀርም። ከ13 እስከ 18 ዓመት ያለ ልጅ በቀን ከ8 እስከ 10 ሰዓት እንቅልፍ ያስፈልገዋል።

እርምጃ ላይ ደግሞ የእኛ ኑሮና የባንዱ አሠራር አይገጣጠሙም። ባንዱ የሚቆጥረው የእጅ ውዝዋዜን ነው። ልብስ በእጅ ስታጥብ ወይም ቡና ስትወቅጥ ቁጭ ብላ እርምጃ ይቆጥርላታል። ባጃጅ ኮብልስቶን ላይ ሲያንገጫግጫትም እንደዚያው። በተቃራኒው 20 ሊትር ጀሪካን ይዛ ስትመጣ እጇ ስለማይወዛወዝ ያ ሁሉ ድካም ላይመዘገብ ይችላል። ጥቅምትና ኅዳር ላይ ወደ ማና ወይም ጎማ ወረዳ ዘመድ ጋ ሄዳ ቡና ስትለቅም የዋለች ልጅ፣ ቀኑን ሙሉ ቆማ እጇን ወደ ላይ ስትዘረጋ ውላ እርምጃዋ ትንሽ ሊሆን ይችላል። ማታ ጀርባዋን ቢቆርጣት ባንዱ ምክንያቱን አያውቅም። እነዚህ ሥራዎች በእጅ ይጻፉ፤ «ጀሪካን ሁለት ጊዜ»፣ «ልብስ አጠብኩ» ብሎ መጻፍ ይበቃል።

ደብተሩ

አንድ ተራ ደብተር ግዙ። የደብተሩ ባለቤት እሷ ናት። በቀን አንዴ፣ ማታ ከእራት በኋላ፣ ከአምስት ደቂቃ ላልበለጠ ጊዜ ትሙላው። ከዚያ በላይ አይሁን፤ በየሰዓቱ ሕመምን መፈተሽ ሐሳብን ሁሉ እሱ ላይ ይሰበስባል፣ ሕመሙንም ያጎላዋል።

መጀመሪያ የዛሬውን ሕመም ከ0 እስከ 10 ትስጠው። 0 ምንም፣ 10 ሊታሰብ የሚችለው የከፋ። ከዚያ ዓይነቱን በራሷ ቃል ትጻፍ፦ ይወጋኛል፣ ይቆረጥመኛል፣ ይፈልጠኛል፣ ያቃጥለኛል፣ ይነዝረኛል። ማቃጠልና መንዘር ሐኪሙን ወደ ነርቭ እንዲያስብ ያደርጉታልና ልዩነቱ ትልቅ ነው። በአፋን ኦሮሞ የምታስብ ከሆነ በዚያው ትጻፈው፣ ሐኪም ፊት እንዲመች ብሎ መተርጎም አያስፈልግም። ቀጥላ ሕመሙ ምን እንዳስቀረባት ትጻፍ። ክፍል ቀረች? ጓደኞቿ ሲጫወቱ ተቀመጠች? እንደ ፊዚዮቴራፒስት እኔ መጀመሪያ የማነበው ይህን መስመር ነው። ቁጥሩ 6 ሆኖ ትምህርት ቤት ከሄደችበት ቀን ይልቅ፣ ቁጥሩ 4 ሆኖ የቀረችበት ቀን ብዙ ሊነግረኝ ይችላል።

የወሰደችው መድኃኒትም ስሙና ብዛቱ ይጻፍ። በተለይ ራስ ምታት ካለባት። ፓራሲታሞል ወይም አይቡፕሮፌን በወር ውስጥ 15 ቀንና ከዚያ በላይ፣ ለ3 ወር ያህል ከተወሰደ፣ መድኃኒቱ ራሱ ራስ ምታቱን እያመላለሰ ሊያመጣው ይችላል። ስንት ቀን እንደዋጠች ቤተሰቡ ሳይቆጥር ብዙ ወር ያልፋል፤ ደብተሩ ሲገለጥ ነው የሚታየው። ዲክሎፌናክ ከፋርማሲ እየገዙ መስጠትም ጨጓራና ኩላሊት ላይ መዘዝ አለው። ወጌሻ ታሽታ ከሆነ፣ ጸበል ሄዳ ወይም የባሕል መድኃኒት ጠጥታ ከሆነም ይጻፍ። ማንም አይቆጣትም፣ ሐኪሙ ማወቅ ስላለበት ነው።

የወር አበባ ቀኖቿን ራሷ በነጥብ ምልክት ታድርግ። ወንድሞቿ ደብተሩን ቢያዩት እንኳ ነጥብ ብቻ ነው።

ቡናም ይቆጠር። ጅማ ነን፣ አቦል ቶና በረካው ከሰዓት በኋላ ነው የሚፈላው፣ ልጆችም ከጎን ይቀምሳሉ። ካፌይን ከሰውነት ለመውጣት ሰዓታት ይፈጅበታል፤ የ11 ሰዓት ቡና ከምሽቱ 4 ሰዓትም አለ። ለለመደ ሰው ደግሞ በድንገት መተው ራሱ ራስ ምታት ያመጣል። ልጁ በፈተና ሰሞን ጫት የሚቅም ከሆነም ቢጻፍ ጥሩ ነው። ጫት የልብ ምትን ከፍ ያደርጋል፣ እንቅልፍ ይነሳል፤ ይህን ሳናውቅ ባንዱ ላይ ያየነውን ሁሉ ለሕመሙ እንሰጣለን። ወላጆች ግን ደብተሩ ላይ ባነበባችሁት ነገር ልጁን ከቀጣችሁት በማግስቱ እውነቱን አይጽፍም።

ስለ ሰዓት አቆጣጠር ጥንቃቄ አድርጉ፣ ብዙ ሰው የሚደናገርበት እዚህ ነው። ባንዱ 22:30 ሲል በእኛ ከምሽቱ 4 ሰዓት ተኩል ነው። ቀኑን የሚቀይረው እኩለ ሌሊት ላይ፣ በእኛ ከሌሊቱ 6 ሰዓት ነው። ቀኑም የፈረንጅ ነው። ደብተሩ በኢትዮጵያ ቀን፣ ባንዱ በፈረንጅ ከሆነ ስታመሳክሩ የረቡዕ ሕመም ከማክሰኞ እንቅልፍ ጋር ይደበላለቃል። መፍትሔው ቀላል ነው፤ የሳምንቱን ቀን ስም ጻፉ፣ የሌሊቱን እንቅልፍ ደግሞ ሁልጊዜ በነቃችበት ቀን ሥር አስፍሩ።

የመጀመሪያዎቹ ሁለት ሳምንታት

በእነዚህ ሁለት ሳምንታት ምንም አትቀይሩ። አዲስ እንቅስቃሴ፣ አዲስ የመኝታ ሕግ የለም። ኑሮዋ እንዳለ ይመዝገብ። ረመዳን ላይ ባትጀምሩ ይመረጣል፤ ሱሁርና ተራዊሕ የእንቅልፉን ሰዓት ስለሚለውጡት የተለመደውን አታዩም። የክረምት ዕረፍትም እንደዚያው። ትምህርት ቤቱ በፈረቃ ከሆነ ደግሞ የጠዋትና የከሰዓት ሳምንት ሁለቱም እንዲገቡ አድርጉ።

ከዚያ ቅዳሜ ጠዋት አብራችሁ ተቀመጡና ሦስት ነገር ፈልጉ። አንደኛ፣ ትንሽ ከተኛችበት ሌሊት ማግስት ሕመሙ ይጨምራል? ብዙ ታዳጊዎች ላይ መጥፎ እንቅልፍ የማግስቱን ሕመም ያባብሳል። ሁለተኛ፣ ብዙ ከተንቀሳቀሰች በኋላ አንድ ሁለት ቀን ትወድቃለች? ሦስተኛ፣ ሕመሙ የትምህርት ቀንን፣ የወር አበባን ወይም የፈተና ሳምንትን ይከተላል? ሁለት ሳምንት ለወር አበባው አይበቃም፣ ለዚያ ሁለት ሦስት ዙር መጠበቅ ነው።

ሁለተኛውን ደጋግሜ ስለማየው ልዘርዝረው። ልጅቷ ደህና ቀን ስታገኝ የቀረባትን ሁሉ በአንድ ቀን ልትጨርስ ትነሳለች፤ ከጅሬን ወርዳ መርካቶ፣ ከዚያ ጓደኛ ጋ ኮቺ፣ ማታ ቤት ጽዳት። ባንዱ 12 ሺህ ይላል። በማግስቱ አልጋ፣ በሦስተኛውም ቀን አልጋ፣ እርምጃ 2 ሺህ። መፍትሔው ደህናውን ቀን መገደብና መጥፎውን ቀን ትንሽ ከፍ ማድረግ ነው። የሁለት ሳምንቱን አማካይ አውጡ፣ 6 ሺህ ነው እንበል። ከዚያ ትንሽ ዝቅ ብላችሁ፣ 5 ሺህ አካባቢ ጀምሩ። በደህናም ቀን 5 ሺህ፣ በመጥፎም ቀን ወደዚያ ለመቅረብ፣ ግን በትንሽ በትንሹ ተከፋፍሎ። ሳምንቱ በሰላም ካለፈ 10 በመቶ ያህል ጨምሩ። ካልሆነ እዚያው ቆዩ። ዝግ ያለ መንገድ ነው፣ ልጆቹ መጀመሪያ ላይ ይሰለቻሉ፤ ከክፍል የሚቀሩበት ቀን መቀነስ ሲጀምር ግን ራሳቸው ይይዙታል።

በአንድ ጊዜ አንድ ነገር ብቻ ቀይሩ። እንቅልፉን ካስተካከላችሁ ሌላውን ለሁለት ሳምንት ተዉት። ሁለቱን አብራችሁ ብትቀይሩ የትኛው እንደረዳት አታውቁም።

አደራ የምለው

ባንዱን የውሸት መመርመሪያ አታድርጉት። «አመመኝ ትያለሽ፣ ይኸው ሰዓቱ 8 ሺህ እርምጃ ይላል፣ ምኑ ነው ያመመሽ?» የሚለውን ንግግር ክፍሌ ውስጥ እናት ለልጇ ስትናገር ሰምቻለሁ። አባትም፣ መምህርም ይሉታል። ሰው እያመመው ይራመዳል። ትምህርት ቤት መድረስ ስላለባት ትራመዳለች፣ ጓደኞቿ እንዳይተዉአት ትራመዳለች፣ ቤት ውስጥ ሰነፍ እንዳትባል ትራመዳለች። እርምጃው ሕመሙ አለመኖሩን አያሳይም፤ ከሕመሙ ጋር ምን ያህል እየታገለች እንደሆነ ሊያሳይ ግን ይችላል። እንዲህ ዓይነቱን ወቀሳ አንዴ ከሰማች በኋላ ወይ ባንዱን ትደብቀዋለች፣ ወይ እንድትታመን ብላ መንቀሳቀስ ታቆማለች። ሁለተኛው የባሰ ነው፣ ምክንያቱም አልጋ ላይ መዋል ሕመሙን ሥር ያሰድደዋል።

ከትምህርት ቤት ስትመለስም የመጀመሪያው ጥያቄ «ዛሬስ አመመሽ?» አይሁን። ስለ ክፍሏ፣ ስለ ጓደኛዋ ጠይቋት። ሕመሙ ማታ በደብተሩ ሰዓት ይነሳል። እናት በየሰዓቱ ስልክ ላይ የልብ ምት ስታይ ልጅቷም የሚያስፈራ ነገር እንዳለ ታስባለች፣ ፍርሃቱ ደግሞ ሕመሙን ያባብሰዋል። ማንቂያ ድምፆቹን አጥፉ። አፑ የእሷ ስልክ ላይ ይሁን፤ ስልክ ከሌላት የእናንተ ላይ ሆኖ፣ እሷ ሳትኖር እንዳይከፈት ተስማሙ። አካባቢዋን የሚከታተለውን ጂፒኤስ ዝጉት፣ ለዚህ ሥራ አያስፈልግም። ስክሪንሾት በቤተሰብ ቴሌግራም ግሩፕ ላይ አይለጠፍ። አጎት፣ አክስት፣ ጎረቤት ሁሉ ስለ እንቅልፏ ማወቅ የለበትም።

ለትምህርት ቤቱ ባንዱ ለሕመም ክትትል መሆኑን ቀድማችሁ ንገሩ። የ12ኛ ክፍል ብሔራዊ ፈተና ላይ ግን ስማርት ሰዓትን ጨምሮ ኤሌክትሮኒክስ ይዞ መግባት ክልክል ነው፤ ቤት ይቅር፣ የእነዚያ ቀናት ደብተር ብቻ ይበቃል።

ሐኪም ጋ ስትሄዱ

ስልክ ሳይሆን አንድ ገጽ ወረቀት ይዛችሁ ሂዱ። ጤና ጣቢያም ሆነ በሪፈር ጅማ ዩኒቨርሲቲ ሕክምና ማዕከል፣ ተራው ረጅም ነው፣ ሐኪሙ ጋ የምታገኙት ደቂቃ ግን አጭር ነው። በገጹ ላይ የሚሰፍረው ይህ ነው፦ ሕመሙ ከጀመረ ስንት ወር ሆነው፣ የሁለት ሳምንቱ አማካይ ቁጥርና የከፋው ቀን፣ ስንት ቀን ክፍል ቀረች፣ በአማካይ ስንት ሰዓት ተኛች፣ በወሩ ስንት ቀን ምን መድኃኒት ወሰደች፣ አብራችሁ ያገኛችሁት ነገር («ከ6 ሰዓት በታች በተኛች ማግስት ራሷን ይፈልጣታል» የሚል ዓይነት)። ከታች አንድ መስመር ለእሷ ተዉ፣ በራሷ እጅ የምትፈልገውን ትጻፍበት። «ኳስ መጫወት መመለስ እፈልጋለሁ» ብሎ የጻፈ ልጅ ነበረኝ። ሕክምናውን በሙሉ ወደዚያ አቅጣጫ ነው ያቀድነው።

ሐኪሙ ሲጠይቅ እሷ ትመልስ። እናንተ የጎደለውን ብቻ ሙሉ።

ሕክምናው ከተጀመረ በኋላ ባንዱ በየቀኑ አያስፈልግም። በወር አንድ ሳምንት ብቻ ታስሮ ለውጡን ማየት በቂ ነው፣ ትምህርቷን እየተከታተለች እንቅልፏ ሲስተካከል ደግሞ ይውለቅ። ሌላ ቤት ውስጥ ባንዱ የሚያስፈልገው ልጅ ይኖራልና ለሱ ስጡት። ከመስጠታችሁ በፊት ግን አፑ ውስጥ ገብታችሁ ባንዱን ከአካውንቷ አላቅቁ፣ ወደ ፋብሪካ ሁኔታው መልሱት፣ አካውንቱንም የማትፈልገው ከሆነ ከነመረጃው ሰርዙት። ደብተሩ ከእሷ ጋር ይቆያል።